ዳኛቸው ወርቁ በሁለት ቋንቋ

የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) እና በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመለትን «ዘ ተርቲንዝ ሰን» አከታትዬ አነበብሁ። ሁለተኛው የፊተኛው ትርጉም አይደለም፤ ታማሚው ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቻቸው ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ዝቋላ ሲወጡ የሚያሳይ ሌላ ልብ ወለድ ነው።

በ«አደፍርስ» ማን ማንን እንደሚያከብር ከግሡ ይታወቃል። በእንግሊዝኛው ግን ፊታውራሪውም ገበሬውም በአንድ «ዩ» ይጠራሉ። አንቱታው ሲገፈፍ ሽማግሌው ራቁታቸውን የቆሙ መሰለኝና ተናደድሁ። ኋላ ግን፥ እውነቱን ልናገርና፥ የገዛ አባቴን በአማርኛ እንዲህ አፍጥጬ ለማየት ደፍሬ አላውቅም።

ቢሆንም ለእኔ «አደፍርስ» ይበልጣል፤ ክርክሩ አንዳንዴ ቢያደክምም የሰው ድምፅ ይሰማበታል። እዚህ ሠፈር በእንግሊዝኛ ብቻ የሚማር አንድ ልጅ መጽሐፉን ተውሶኝ ሲመልስ፥ «ጎይቶም አባቱን አንተ ነው ወይስ አንቱ የሚለው?» ሲል ጠየቀኝ። ገጹን ባገላብጥ መልስ አጣሁለት።