5 ሜትር ከ40 ደስታ!

በናታችሁ፣ መዘውሩን እርሱት! ያን ክር የሚጠቀልል፣ የሚንቋቋ፣ እየተወሳሰበ ግማሽ ቀን የሚበላ ዕቃ እርሱት! አግኝቻለሁ! ረጅም ዘንግ! ባዶውን! መዘውር የለው፣ ቀለበት የለው! ጫፉ ላይ ክር ታስራላችሁ፣ ክሩ ላይ ቡሽ፣ ከቡሹ ሥር እርሳስና መንጠቆ፣ አለቀ! ከሐይቅ ዳር ቆሞ አሳ ለሚያጠምድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ካለ አምጡና አሳዩኝ!

የአክስቴ ልጅ ነው ከቻይና ያመጣልኝ። ሲታጠፍ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባልና 1 ሜትር ከ20 ብቻ ይቀራል! መገናኛ ታክሲ ውስጥ ይዤው ስገባ ረዳቱ ምን አለኝ? «እህት፣ ጃንጥላሽን ወደ ውስጥ!» ጃንጥላ! ሲዘረጋ ግን 5 ሜትር ከ40! አንድ ፎቅ ዘልሎ ያልፋል እኮ!

መቼ አስችሎኝ እስከ ቅዳሜ ልጠብቅ! ይዤው ወደ እንጦጦ ወጣሁ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ወደሚገኘው ሜዳ። ውኃ የለም! ሣር ብቻ! ምን ቸገረኝ! ጫፉን ያዝኩና ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጠቅ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ አላልቅ አለ! ከሥሬ አዲስ አበባ ተዘርግታለች፣ ነፋሱ ፊቴን ይገርፈኛል፣ የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫዬን ሞልቶታል፣ እጄ ላይ ግን ምንም የለም! እንዲህ ይቀላል! ሣሩ ላይ አንዲት የደረቀች ቅጠል መረጥኩ፣ ክሩን ወዘወዝኩ፣ ቡሹ ሄዶ እላይዋ ቁጭ! ደግሜ፣ ቁጭ! ከብት የሚጠብቁ ልጆች ተሰበሰቡ። «እትዬ፣ እዚህ አሳ አለ እንዴ?» አለኝ አንዱ። ሳቄ አልቆም አለ! ከ3,000 ሜትር በላይ ተራራ ላይ አሳ አጥማጅ!

አሁን ስለ ርዝመቱ ስሙኝ። እነዚህ ዘንጎች 3.6፣ 4.5፣ 5.4፣ 6.3፣ 7.2 ሜትር እየተባሉ ነው የሚሸጡት። ለምን እንዲህ ዓይነት ቁጥር? ጃፓኖች በሻኩ ይለኩ ነበራ! አንድ ሻኩ 30 ሳንቲም ገደማ ነው። 3.6 ማለት 12 ሻኩ፣ 5.4 ደግሞ 18 ሻኩ! ይህን ሳውቅ እንዴት እንደተደሰትኩ! 3.6 ለልጆች ነው፣ ከቄጠማው አያሻግርም። 7.2 ለጎረምሳ ክንድ ነው። 5.4 ግን! ቄጠማውን ያልፋል፣ ውኃው ጠለቅ የሚልበት ይደርሳል፣ ቀኑን ሙሉ ብይዘው ክንዴ ወይ አይልም። እኔ ፈርጄያለሁ፤ 5.4!

ደግሞ ርዝመቱ የሚሠራው ተአምር! ጫፉ ከቡሹ በላይ ነው የሚቆመው። ውኃው ላይ የተጋደመ ክር ስለሌለ ነፋሱ የሚጎትተው የለም! አሳው ሲነካ በእናንተና በእሱ መካከል የላላ ነገር የለም! አንጓችሁን ቀና፣ ያዘ! እናንተም ከውኃው ርቃችሁ ስለምትቆሙ ኮቴያችሁን አይሰማም፣ ጥላችሁም አያስደነግጠውም። ክሩን ደግሞ ከዘንጉ ጋር እኩል አድርጉት። ዘንጉን ወደ ላይ ስታነሡ አሳው በራሱ ወደ እጃችሁ ይመጣል! ወደ እጃችሁ! ማንም አልጠቀለለ፣ ማንም አልጎተተ!

ስትገዙ የሻጩን አፍ አትስሙ፣ የዘንጉን ጫፍ እዩ! ሱቁ ጠበበ ቢሏችሁ ውጭ አውጡትና እስከ መጨረሻው ዘርጉት። አንዴ ነቅነቅ አድርጉና ጫፉን ተመልከቱ። ቶሎ ጸጥ አለ? የናንተ ነው! እየተንቀጠቀጠ ቀረ? መልሱለት! ከዚያ ጓደኛችሁ ጫፉን ይዛ በቀስታ ትሳብ። የላይኛው ሲሶ ጎበጥ ብሎ የታችኛው ቀጥ ካለ፣ ወይኔ፣ እሱ ነው! ካርበን ይሁን፣ ካርበን! ፋይበር ግላሱም ጠንካራ ነው፣ ግን በዚህ ርዝመት የካርበኑን ቅለት አንዴ ከቀመሳችሁ ወደ ኋላ የለም።

በመጨረሻ ሆራ ሐይቅ! ቢሾፍቱ! ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ አፍ ናቸው፣ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ጥልቅ ይላሉ፤ ጎረቤቱ ባቦጋያ እኮ 65 ሜትር ይጠልቃል! ለረጅም ዘንግ የተፈጠረ ቦታ! ማለዳ ደረስኩ፣ ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ትል ሰካሁ፣ ወረወርኩ። ቡሹ ቀና ብሎ ቆመ። እርሳሱን በፒንሳ እየቆነጠጥኩ አስተካክዬዋለሁና የቡሹ ቀይ ጫፍ ብቻ ናት የምትታየው። ያቺ ቀይ ነጥብ! ዓይኔን ከሷ መንቀል አቃተኝ! እልል ብዬ ልጮህ ደረስኩ፣ ገና ምንም ሳይነካ!

ነካ! ነቅነቅ፣ ነቅነቅ፣ ቆመች። ትንፋሼን ዋጥኩ። ወደ ጎን ሸርተት አለች፣ ከዚያ ድርግም! ጠፋች! ዘንጉን ቀና ሳደርግ ሕይወት ያለው ነገር እጄ ላይ ተንዘፈዘፈ! ዘንጉ እስከ መያዣው ይርገበገባል፣ ክሩ ውኃውን እየሰነጠቀ ያፏጫል፣ እኔ ብቻዬን እጮኻለሁ! ቆሮሶ! ሰፊ ጎኑን አዙሮ ሲታገል ከመጠኑ ሦስት እጥፍ ነው የሚከብደው! የሴቷን ቆሮሶ ነገር ታውቃላችሁ? እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፣ ጫጩቶቿም ሲደነግጡ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ! እንዲህ ያለ ፍጡር እኮ ነው ከዳር ቆመን የምናገኘው!

ጥብሱን ደግሞ! ጎኑ ተተልትሎ፣ ሙሉውን ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ ቆዳው ኩርሽም እያለ፣ ከአዋዜና ከሎሚ ጋር! ጣቴን ነው የላስኩት!

የቻይናውን አላገኛችሁም? ቀርከሃ አለላችሁ! የቀርከሃ አገር ላይ ቁጭ ብለን! ሁለት ዓይነት አለን፤ የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፣ የቆላው ሽመል ድፍን። ለዱላ ሽመል፣ ለረጅም ዘንግ ቀርከሃ! ውስጡ ባዶ ስለሆነ ረዝሞም ይቀላል። ሦስት ዓመት የሞላውን፣ ቀጥ ያለውን፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደውን ምረጡ። ለጋው ይጎብጣል፣ የበሰለው ይመለሳል። ጥላ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ አስራችሁ አድርቁት። ለተንሳፋፊውም የጠርሙስ ቡሽ ወይም የዶሮ ላባ አገዳ ይበቃል! ዝቅ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ! ጃፓን ውስጥ ሀሺሞቶ በምትባል ከተማ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የአሳ ዘንግ ከቀርከሃ በእጃቸው ይሠራሉ፣ መንግሥታቸውም ባህላዊ ጥበብ ብሎ መዝግቦላቸዋል! እኛ ወንበር እንሠራበታለን!

በሉ ተነሡ! ካርበን ከሆነ 5.4፣ ቀርከሃ ከሆነ ክንዳችሁ የቻለውን ያህል ረጅም! ትሉን ዛሬ ማታ ከጓሮ ቆፍሩ፣ ቅዳሜ በጠዋት ሆራ ዳር ኑ! ቀይ ቡሽ ይዛ ብቻዋን የምትጮህ ሴት ካያችሁ እኔ ነኝ፤ ቀርባችሁ ዘንጌን ሞክሩት!