ግፍን ቆሞ ስለ ማየት፤ «ዘ ደርቲስ» በተባለው ፊልም ላይ የቀረበ ሐሳብ

በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጉልበተኛው ደካማውን ሲገፋ ያየ ሰው ነገሩ በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ያለ ይመስለዋል። አንዱ ገፊ፣ አንዱ ተገፊ ነው፤ የቀረው ሕዝብ የለበትም ይላል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተ በዚያ ስፍራ ሁልጊዜ ሦስተኛ ወገን አለ። እርሱም ዙሪያውን ከቦ የሚስቀው፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው፣ ወይም በዛሬው ዘመን ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሚቀርጸው ነው። ጉልበተኛው ጉልበቱን የሚያሳየው ለዚሁ ለሦስተኛው ወገን ነው፤ ተመልካች ያጣ ጉልበተኛ ገበያ እንደ ተበተነበት ነጋዴ ነውና። ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ ላነሣ ያሰብሁት ፊልም ስለዚህ ወገን ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ፣ መልካምነቱንም ጉድለቱንም መርምሮ ማየት ይገባል።

ፊልሙ «ዘ ደርቲስ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ቆሻሾቹ» እንደ ማለት ነው። ያዘጋጀው ማት ጆንሰን የተባለ የካናዳ ሰው ሲሆን፣ ዋናውንም ሰው ሆኖ የተጫወተው እርሱው ራሱ ነው። የተሠራው ከታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች እጅ ውጭ፣ 10,000 ዶላር ገደማ በሚሆን ገንዘብ እንደ ሆነ ተነግሯል፤ ይህም በፊልም ዓለም ከቁጥር የማይገባ ወጪ ነው። ሆኖም በ2005 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013) በአሜሪካ በዩታ ግዛት፣ በፓርክ ሲቲ ከተማ በተደረገው የስላምዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞቹን ታላቅ ሽልማት ተቀበለ።

የአሠራሩ ዘዴ «የተገኘ ፊልም» የሚባለው ነው። ታሪኩ ልብ ወለድ ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ቀርጸውት ኋላ ወድቆ የተገኘ መስሎ ይቀርባል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ካሜራው አንዳንድ ጊዜ ከበር ኋላ፣ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ ያያል። ይህን ዘዴ በዓለም ሁሉ ያስታወቀው በ1991 ዓ.ም. የወጣው «ዘ ብሌር ዊች ፕሮጀክት» የተባለው አስፈሪ ፊልም ነው። በዚያ ፊልም የሚያስፈራው ጫካ ነበረ፤ በዚህኛው ግን የሚያስፈራው የትምህርት ቤት ኮሪደር ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማትና ኦወን የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ፊልም እጅግ ይወዳሉ። በትምህርት ቤታቸው ግን አንድ የጉልበተኞች ቡድን ይመታቸዋል፣ ያዋርዳቸዋል፤ ልጆቹም ይህን ቡድን «ቆሻሾቹ» ብለው ሰይመውታል። ለክፍል ሥራ ፊልም እንዲያዘጋጁ በታዘዙ ጊዜ፣ ራሳቸው መርማሪ ፖሊስ ሆነው ጉልበተኞቹን የሚገድሉበትን ፊልም ሠሩ። አስተማሪው አይቶ ስድቡንና ግድያውን ቀንሱ አላቸው። በክፍል ሲታይም መሳቂያ ሆኑ። ከዚህ በኋላ ማት «በእውነት ብናደርገው ኖሮ ፊልሙ በተሻለ ነበር» የሚል ቀልድ ያመጣል። ቀልዱ ቀስ በቀስ ሥር ይሰዳል፤ የትምህርት ቤቱን ንድፍ ያጠናል፣ ተኩስ ይለማመዳል። ኦወን ግን በዚያው ጊዜ ጊታር መማር ይጀምራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የወደዳት ልጅ ታነጋግረዋለች፤ ሕይወት ወደ ሌላ በር ትጠራዋለች። ማት ብቻውን ይቀራል። በመጨረሻም መሣሪያ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይገባና ይተኩሳል። ኦወን ሲሸሽ አግኝቶ ጓደኛው ለምን እንደሚፈራው ሳይገባው ሲደነቅ፣ ፊልሙ በዚያው ይቋረጣል።

የዚህ ሥራ የመጀመሪያ መልካምነቱ ቀልድ ምን ያህል መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል ማሳየቱ ነው። ማት ያለ ቀልድ አንድ ቃል አይናገርም፤ የሚያስበውን ክፉ ነገር ሁሉ በግልጽ ይናገራል፣ ነገር ግን እየሳቀ ስለሚናገር የሚሰማው የለም። ይህ ለእኛ ለድሬዳዋ ሰዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በከተማችን ተረብ እንደ ጨው ነው፤ ቅጽል ስም ያልወጣለት ሰው የለም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በሚነገርበት አንድ ክፍል ውስጥ ልጁ በአነጋገሩ፣ በቁመቱ፣ በአባቱ ሥራ ይተረባል። ተረብ በእኩዮች መካከል ሲሆን ፍቅር ነው። አንዱ ብቻ እየተናገረ ሌላው ብቻ አንገቱን የሚደፋ ሲሆን ግን ስሙ ተረብ ቢባልም ሥራው ግፍ ነው። ተገፊውም በበኩሉ ሕመሙን በሳቅ መሸፈን ይማራል፤ እንደ ማት ያለውን ሳቅ ለይቶ ማወቅ የወላጅና የመምህር ሥራ ነው።

ሁለተኛው መልካምነቱ የቂምን ጠባይ መግለጡ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጉልበተኞቹ ቤት የላቸውም፣ እናት የላቸውም፣ የሚያስቡት ነገር አይታወቅም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥር ሐያሲ ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ዋናው እውነት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የምናየው ሁሉ በማት ዐይን ነውና፣ ቂም የያዘ ሰው ደግሞ ጠላቱን ሰው አድርጎ ማየት አይችልም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን የተወጋው ሳይረሳ የሚኖረው ጦሩን ነው እንጂ የወጋውን ሰው አይደለም። በቀል የተበደለውን ሰው የራሱ ድርሰት ጀግና ያደርገውና ሌሎቹን ሁሉ በድርሰቱ ውስጥ የሚወድቁ ምስሎች ያደርጋቸዋል። በመጨረሻው ጠላት ብቻ ሳይሆን ብቸኛው ወዳጁ እንኳ ፈርቶት መሸሹ፣ በቀል የሚከፍለው ዋጋ ምን እንደ ሆነ ከስብከት ሁሉ ይበልጥ ይናገራል።

ሦስተኛውና ትልቁ ነገር ግን ካሜራው ነው። ይህን ሁሉ የሚቀርጽ ማን ነው? ፊልሙ አይነግረንም። ማት ሲመታ ካሜራው ያያል፤ ሲያለም ያያል፤ መሣሪያ ተሸክሞ በኮሪደሩ ሲሄድ ከኋላው ይከተላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ካሜራውን ከያዘው ሰው አፍ «ተው» የሚል ቃል አይወጣም። ተመልካቹም በዚያው ዐይን እያየ ስለሚሄድ፣ ሳያስበው ከዝምተኛው ጋር አንድ ይሆናል። አስተማሪውም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ስድቡን አረመ፣ ደሙን አስቀነሰ፤ ልጆቹ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጡት ግን አልጠየቀም። ድርሰቱን አርሞ ደራሲውን ሳያይ ቀረ። በመምህርነት ብዙ ዘመን የቆየ ሰው ይህን ትንሽ ክፍል ሲያይ ልቡ ሳይነካ አያልፍም።

ጉድለቱንም ልናገር። ፊልሙ ከተኩሱ በኋላ ያለውን ቀን አያሳይም። የሟች እናት የለችም፣ ልቅሶ የለም፣ ባዶ የቀረ ወንበር የለም። በልቡ ቂም የያዘ ወጣት ይህን ብቻ አይቶ ማትን እንደ ጀግና ሊቈጥር ይችላል። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገድለው ራሳቸውንም አጥፍተዋል። እነዚህም ከዚያ ቀደም ብለው ለክፍል ሥራ፣ ለተገፉ ተማሪዎች ሲሉ የሚገድሉ ሰዎች ሆነው የተጫወቱበትን ፊልም ቀርጸው ነበረ። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ «የተገፉ ልጆች በቀል ነው» አለ። ኋላ ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም፤ ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ በገዳዮቹ ላይ አንዳች ክፉ ነገር ያላደረጉ ነበሩ። በቀል «በደለኛን እፈልጋለሁ» ብሎ ይነሣል፤ ሲተኩስ ግን አይመርጥም።

«ታዲያ የተበደለ ሰው ዝም ብሎ ይገፋ ወይ?» የሚል ወጣት ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም አይደለም ነው። በ2006 ዓ.ም. የታየውን፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀውን «ድፍረት» የተባለውን የአገራችንን ፊልም እናስብ። በእውነተኛ ታሪክ ላይ በተመሠረተው በዚህ ፊልም፣ ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ለማምለጥ ስትሮጥም ጠላፊዋን ተኩሳ ትገድላለች። ይህ ከማት ሥራ ጋር አንድ አይደለም። እርስዋ የተኮሰችው ግፉ በላይዋ ሳለ ነፍስዋን ለማዳን ነው፤ እርሱ ግን ንድፍ አጥንቶ፣ ቀን ቈርጦ ነው። ከዚህም ሌላ በሂሩት አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ ነበረ፤ እርስዋም ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናት። በማት አጠገብ የቆመው ካሜራ ብቻ ነው።

አጠገብ የሚቆም ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም በራሷ በካናዳ በሌላ ካሜራ ታይቷል። በቶሮንቶ ከተማ ተመራማሪዎች በትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳ ያሉትን ልጆች ከሩቅ በካሜራ እየቀረጹ፣ ድምፃቸውንም በትንንሽ ማይክሮፎን እየሰሙ አጥንተው፣ ውጤቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 አሳተሙ። ግፍ ከተፈጸመባቸው 100 ጊዜያት በ88ቱ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ ነበር፤ ለተገፋው ልጅ የገቡለት ግን በ19ኙ ብቻ ነው። ልጆች ከገቡባቸው ጊዜያት መካከል ግን ከግማሽ በሚበልጡት ግፉ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆመ። አንድ ሰው «ተወው» ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

አባቶቻችን ይህን ያለ ካሜራ ያውቁት ነበር። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት ስለዚህ ነው። በአካባቢያችንም ኦሮሞው ጉማ፣ ሶማሌው ዲያ በሚለው ሥርዐት የፈሰሰ ደም ሲታረቅ፣ ጠቡን ለሁለቱ ወገኖች ብቻ አይተዉላቸውም፤ ሽማግሌዎች በመካከል ይቀመጣሉ። ጠብ ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ ዕርቅ ግን ሦስተኛ ይፈልጋል። የሽማግሌ ዋጋው በመካከል መግባቱ ነው፤ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሽበት ቢኖረውም ሽማግሌ አይባልም። በመካከል የሚገባ ተማሪ ግን ጢም ባያበቅልም ሽማግሌ ነው።

ስለዚህ ወጣት ሆይ፤ ይህን ፊልም ያየህ እንደ ሆነ፣ ከማት ወይም ከጉልበተኞቹ መካከል ራስህን ለመፈለግ አትቸኩል። ከሁሉ አስቀድመህ ካሜራውን የያዘው ሰው አንተ እንዳትሆን ተጠንቀቅ። ዓይን አፋሩን ልጅ በቅጽል ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስሙ ጥራው። ሲገፋ ባየህ ጊዜ ብቻህን ከፈራህ ጓደኛህን ይዘህ ቅረብ፤ ይህም ባይቻልህ ለመምህር ንገር፤ ግፍን መናገር ወሬ ማመላለስ አይደለም። ስልክህንም ከኪስህ አታውጣ። አንቺም እኅቴ የተገፋሽ እንደ ሆነ፣ ሕመምሽን በሳቅ ሸፍነሽ ብቻሽን አትቀመጪ፤ የምታምኚውን ሰው ፈልገሽ ንገሪ፤ አንዱ ባይሰማሽ ሌላውን ፈልጊ። ቂም በዝምታ ውስጥ እንደ እህል በጎተራ ይጠራቀማልና።

ማት ጓደኛው የሸሸው ለምን እንደ ሆነ ሳይገባው ፊልሙ አበቃ። ያን ጊዜ ለመንገር በእርግጥ ዘግይቶ ነበር። በክፍል ውስጥ ሲስቁበት በነበረው ቀን ግን አልዘገየም ነበር፤ ያን ቀን ብዙ ተማሪዎች በክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ የተነሣ ግን አልነበረም።