ለእያንዳንዱ አንድ ጆሮ

ጀማሪ ደራሲን ለብቻው አስቀምጦ ሥራውን መስማትና ማረም ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ኤልያስና የዋሸራ ቅኔ ቤቶች ስማቸውን ያተረፉት በዚሁ ነው።

መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ። ተማሪው ያንን ሰምቶ ለቆጠራ ወደ ዱር ይወጣል፤ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ከዚህ በፊት ያልተባለ ምስጢር ሲፈልግ ይውላል። የሌላውን ቅኔ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው።

ከዚያ ነገራ ይመጣል። ተማሪው ከየኔታ ወይም ከረዳታቸው ከአስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን በቃሉ ያሰማል። ቤት ካልመታ፣ ሰዋስው ካፈረሰ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገጣጠመለት እዚያው ይታረማል። በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ እየታረመ ነው። የዚህ ሥርዓት ትልቁ ውበት ማንም በጅምላ አለመታለፉ ነው፤ ምግቡን ለምኖ የሚያድረው የቆሎ ተማሪ እንኳ ለሥራው የራሱ ሰሚ አለው። ለወጣት ጸሐፊዎች በር የሚከፍቱ የዛሬ ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ብዙ ሊቀስሙ ይችላሉ።

ፍሬውም ከቤተ ክህነት ቅጥር አልፏል። ጸሐፌ ተውኔቱ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ናቸው። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ደግሞ በዚያው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተምረዋል።