የፊንጫ ሀበራ ዋሻና «መኖር» የሚለው ቃል

በ2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው የጎትዝ ኦሰንዶርፍና የባልደረቦቹ ጥናት፥ ስለ ባሌ ተራሮች የነበረንን አሳብ የለወጠ ሥራ ነው። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይጠለሉ እንደ ነበረ አስረድቷል። የተራራው ራስ በበረዶ ግግር በተሸፈነበት በዚያ ዘመን ትልቁን ፍልፈል በእሳት ጠብሰው ይበሉ፥ ለመሣሪያም ጥቁር ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። ማስረጃው የተቃጠለ አጥንት፥ የምድጃ አመድና የተጠረበ ድንጋይ ስለ ሆነ የሚታመን ነው።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ርእስ ሰዎቹ በተራራው «ኖሩ» ይላል። መኖር ምንድር ነው? ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ሰዎቹ ተመላልሰው መጡ ይላሉ እንጂ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጡ አይሉም። ርእሱን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን ቋሚ መንደር ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ ይከተላል። በዋሻው የላይኛው ንብርብር የቤት እንስሳት ፍግ አለ። ይህ የቅርብ ዘመን እረኞች ቤት ምስክር ነው፤ ጥናቱ ግን ዐይኑን የጣለው ከሥር ባለው ላይ ነው።

በአሜሪካ የተደረገ አንድ ቍፋሮ ሌላ መንገድ ያሳየናል። በባርነት የተወለዱት ፍራንክ ማክዎርተር በ1819 እ.ኤ.አ. ነፃነታቸውን በገንዘብ ገዝተው፥ በ1836 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ኒው ፊላደልፊያ የተባለችውን ከተማ ቈረቈሩ። ከተማይቱ ጠፍታ እርሻ ከሆነች በኋላ የተራ ሰዎች ቤት መሠረት፥ ሸክላና ጠርሙስ ተቈፍሮ ወጣ፤ የቤተ ሰቡም ልጆች ቃል ከአፈሩ ጋራ ተነበበ። የተራ ሰው ቤት ታሪክ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በባሌ ደግሞ ምስክሮቹ በሕይወት አሉ። ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚነዱበትን «ጎዳንቱ» የሚባለውን ሥርዐት የዲንሾና የጎባ ሽማግሌዎች ያውቁታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ስለዚህ የተራራው ነዋሪ ማን ነው የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከ31,000 ዓመት በፊት ተመላልሶ የመጣው ሰው «ኖረ» ከተባለ፥ ዛሬ ተመላልሶ የሚመጣው እረኛ እንግዳ ሊባል ይገባዋልን?

የሚቀጥለው ቈፋሪ ፍጉን ጠርጎ ከመጣሉ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋራ ቢቀመጥ፥ ሥራው ሙሉ ይሆናል።