መሶብ ሲመረጥ

መሶብ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው አለላው፣ ማለትም በቀለም የተነከረው ሣር ላይ ነው፤ ቀዩ ደምቆ፣ አረንጓዴው አምሮ ካየ ዋጋ ይጠይቃል። እኔ ግን ያልተነከረውን ቦታ አስቀድሙ እላለሁ። ሣሩ በራሱ መልክ በተሰፋበት ስፍራ የሰፊዋን እጅ የሚሸፍንላት ነገር የለም።

ስፌት ሲሰፋ ሰበዙ፣ ማለትም የሣሩ ዘንግ ተሰብስቦ ይያዛል፣ አክርማ የሚባለው ሣር ይጠቀልለዋል፣ ወስፌ የቀደመውን ዙር ይበሳል፣ አክርማው በቀዳዳው አልፎ ይሳባል። ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ እየዞረ የሚሄድ አንድ ጥምዝ ነው። ጥሩ ሰፊ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት ትስባለች፤ ስለዚህ የዙሮቹ ውፍረት እኩል ነው። ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ከውስጥ ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ሰበዙ ሳስቷል ወይም እጇ ላልቷል።

አሁን ወደ አለላው እንምጣ፤ ዋናው ፈተና ያለው እዚህ ነው። መሶቡ እየሰፋ ሲሄድ በየዙሩ የሚገባው ስፌት ቁጥሩ ይጨምራል። ጌጡ ግን መጠኑን ጠብቆ ከተነሣበት ቦታ መድረስ አለበት፤ ሰፊዋ ወረቀት ላይ ሳትነድፍ ይህን በልቧ ትቆጥራለች። መሶቡን በዝግታ አዙሩና የመጨረሻው ጌጥ ከመጀመሪያው የሚገናኝበትን ፈልጉ። የጠበበ፣ የተለጠጠ ወይም ግማሹ የቀረ ጌጥ ካገኛችሁ ቆጠራው ስቷል። ደግሞም ስፌቱ ጥምዝ ስለሆነ ዙር በተዘጋ ቁጥር ትንሽ ደረጃ መፈጠሩ አይቀርም። ባለሙያዋ ያን ደረጃ በጌጡ ውስጥ ትደብቀዋለች። መገጣጠሚያውን ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ በእጃችሁ የያዛችሁት ትልቅ ሥራ ነው።

በሐረሪ ቤት ስፌት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ይታያል፤ እዚያ ቀለምና ጌጥ ቢገንን ተገቢ ነው። መሶብ ግን እንጀራ ይቀመጥበታል። ውስጡ ባይነከር እመርጣለሁ፤ ከተነከረም ነጭ ጨርቅ አርሳችሁ ጥረጉት፤ ጨርቁን ያቀለመ መሶብ ትኩስ እንጀራንም ያቀልማል። በሱፍ ክር የተጠቀለለው ለጌጥ ይሁን እንጂ እርጥበት ስለሚይዝ ለእንጀራ አልመክረውም። እንጀራው ሳይታጠፍ መግባቱን ለኩ። ክዳኑንም በአራቱም አቅጣጫ እያዞራችሁ ግጠሙት፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚገጥም ክዳን አፉ ክብ ላለመሆኑ ምስክር ነው።

እቤቷ ሰፍታ የምትሸጥ ሴት ትልቅ መሶብ ለመጨረስ ከጓዳ ሥራ በተረፈች ሰዓት ወራት ትቀመጥበታለች። በገበያ መሶብ ዋጋ ከእሷ ጋር መከራከር ነውር ይመስለኛል። ይልቅ ስለ ሣሩ ጠይቋት። አክርማ ለመስፋት ውሃ ነክቶት ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጣም ርሶ የተሰፋ መሶብ በተገዛበት ቀን ጥብቅ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ግን ይላላል። ስለዚህ ትናንት ያለቀውን ሳይሆን ሰንበት ብሎ የደረቀውን ምረጡ፤ ጎኑን በሁለት እጅ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት ወዲያው ወደ ቅርጹ መመለስ አለበት።