«ፀሐይ» እና «የአገር ውስጥ ሥራ» ትርጉም፦ ስለ አንድ ትረካ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የኢጣሊያ መንግሥት «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ለኢትዮጵያ አስረከበ። በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርተ ዓመታት የቆየችው ይህች ቅርስ «የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያ ሠራሽ አውሮፕላን» ተብላ ተወደሰች። በመጋቢት 2025 ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ አዲስ አበባ ላይ ሲመረቅም ስለ ራስን መቻል የሚነገረው ቋንቋ እንደገና ተሰማ። በመመለሷ የተደሰትነውን ያህል፣ ከትረካው ጋር መነጋገርን ግዴታችን አድርገን እንቆጥረዋለን።

በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዘውን ይህችን አውሮፕላን የሠራት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው። 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነበር። ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ድርሻ ግን በተለመደው ትረካ «ከኢትዮጵያውያን ጋር በመተባበር» በምትል ሐረግ ይታለፋል። በ1930 የበረራ ፈቃድ ያገኙትን ሚሽካ ባቢቼፍንና አስፋው አሊን የታሪክ መጻሕፍት በስም ያነሷቸዋል። ክንፍ የገጠመው፣ ብረት የሞረደው፣ ከቬበር አጠገብ ቆሞ ሥራውን በዓይኑ የለቀመው ሠራተኛ ግን ስም የለውም። እንደ እኛ አስተያየት የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዕውቀት የሚወረሰው ከሰው እጅ እንጂ ከሙዚየም ጣሪያ ከተንጠለጠለ ዕቃ አይደለምና።

ይህን የምንጽፈው ከሮማ ምሥራቃዊ ሰፈር ከፒኜቶ ነው። የሰፈሩ መንገዶች ብዙዎቹ የተሰየሙት በጥንት የጦር አለቆች ነው፤ ፋንፉላ ዳ ሎዲ፣ ብራቾ ዳ ሞንቶኔ፣ ራይሞንዶ ሞንተኩኮሊ። የመጨረሻው የሞዴና ተወላጅ ሆኖ ሳለ ዕድሜውን የጨረሰው ለኦስትሪያ ሲዋጋ ነው። ጣሊያኖች ለባዕድ ያደረውን የአገራቸውን ልጅ ስም መንገድ ላይ ሲጽፉ፣ እኛ በገዛ አገሩ የሠራውን ሰው ስም በወረቀት እንኳ አላኖርንም። በ1943 ክረምት የሕብረቱ ጦር አውሮፕላኖች የባቡር ሐዲዱን ፍለጋ በእነዚሁ ሰፈሮች ላይ ቦምብ ባወረዱ ጊዜ፣ የሙሶሊኒ የአየር ኃይል የገዛ ከተማውን ሊያድን አልቻለም። ከሰባት ዓመት በፊት ግን ይኸው ኃይል በካፕሮኒና በሳቮያ ማርኬቲ ፋብሪካዎች በተሠሩ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ላይ አርከፍክፏል።

እርግጥ ነው፣ የአገር ውስጥ ማምረቻን የሚደግፉ ወገኖች ጽኑ መከራከሪያ አላቸው። በ1935 ጦርነቱ ሳይጀመር ብሪታንያና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ክልከላው የጎዳው ፋብሪካ የሌላትን አገር ብቻ ነበር። በ1977ም ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ውል ሲፈርስ፣ ኤፍ 5 አውሮፕላኖቻችን በኦጋዴን ሰማይ የተዋጉት የመለዋወጫው ምንጭ ደርቆ ነው። ሚግ ሲተካ ጥገኝነቱ ጌታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። ይህን እንቀበላለን።

የማንቀበለው ግን ግዢንና መገጣጠምን «ሥራ» ብሎ መጥራትን ነው። በ2010 የተቋቋመው ሜቴክ፣ በሥሩ የቢሾፍቱውን ደጀን አቪየሽን ይዞ፣ ብዙ ተስፋ ተሰጥቶበት ነበር፤ በኅዳር 2018 ኃላፊዎቹ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። በአንጻሩ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1980ዎቹ የአሜሪካኑን አግካት የእርሻ አውሮፕላን በፈቃድ እየገጣጠመ «እሸት» ብሎ ሰይሞታል፤ በኋላም ለቦይንግ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል ወደ ማምረት ተሻግሯል። ዘፈን አልተዘፈነለትም። ሆኖም ከጥገና ትምህርት ቤቱ የወጡት ቴክኒሻኖች፣ እንደኛ ግምት፣ ከማናቸውም የምረቃ ሪባን ይልቅ ለአቪየሽን ኢንዱስትሪ መሠረት የሚሆኑ ናቸው።

ሌላም ሊሸሽ የማይገባው ጥያቄ አለ። ትረካው ስለ ሠሪው ሲናገር ስለ ዒላማው ዝም ይላል። በጥር 2022 ደደቢት ውስጥ በተፈናቃዮች መጠለያ ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ሰላማዊ ሰዎች በድሮን መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች መሥሪያ ቤት አስታውቋል። ያ ድሮን ከቱርክ ይምጣ ከሌላ፣ ለሟቹ ቤተሰብ ልዩነት የለውም፤ ነገ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሠራም እንዲሁ ነው። ምሁራኖቻችን «ማን ሠራው?» የሚለውን ብቻ ጠይቀው «በማን ላይ? በማን ፈቃድ? ለየትኛው ምክር ቤት ተጠያቂ ሆኖ?» የሚሉትን ከተዉ፣ የ1935ቷን ትንሽ አውሮፕላን ለማታውቀው ሥራ ምስክር አድርገው ማቆማቸው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የቬበርን ረዳቶች ስምና ሙያ ከቤተ መንግሥት የደመወዝ መዝገቦችና ከኢጣሊያ ወታደራዊ ቤተ መዛግብት የሚያፈላልግ ጥናት ይጀመር፤ በሮማ የምንኖረው በሁለተኛው ልናግዝ እንችላለን። በአውሮፕላኗ አጠገብ የሚቆመው ጽሑፍም ሞተሯ ከውጭ መምጣቱን፣ ነዳፊዋ ጀርመናዊ መሆኑን፣ የሠሪዎቿም ስም ገና በመፈለግ ላይ መሆኑን ሳይሸሽግ ይግለጽ።