ከማያያዣው ቀጥሎ የሚመጣው፦ እንግሊዝኛን ለአማርኛ ተናጋሪ የማስተማር ሙያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ባሉት ሰፈሮች፣ እንግሊዝኛ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን የእንጀራ ጉዳይም ነው፤ በአውሮፕላን ማረፊያው፣ በሆቴሎቹ፣ በጉዞ ወኪሎቹና በዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ የሚሠራ ሰው እንግዳ የሚያስተናግደውም ሆነ ደብዳቤ የሚጽፈው በአብዛኛው በዚሁ ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስላደረገ፣ በእነዚህ ሰፈሮች አድጎ ለሥራ የሚቀርብ ወጣት የቃላት ድህነት እምብዛም አይታይበትም። የሚቸግረው የሚያውቃቸውን ቃላት እርስ በርስ ማጋጠሙ ነው፤ ችግሩም ከስንፍና ወይም ከጥናት ማነስ የሚመጣ ሳይሆን፣ ተማሪው በልጅነቱ ጠንቅቆ ከተማረው ከአማርኛ የማያያዣ ሥርዓት የሚመነጭ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ሙያም በዋናነት የሚፈተነው ይህን ሥርዓት በማወቁና በትምህርቱ ውስጥ በመጠቀሙ ነው።

ነገሩን ለማየት አራት ስያሜዎችን መለየት ያስፈልጋል። ስም የሰው፣ የነገር ወይም የሐሳብ መጠሪያ ሲሆን፣ ግስ ደግሞ ድርጊትን ወይም ሁኔታን የሚናገር ቃል ነው። መስተዋድድ ስምን ከቀረው የዓረፍተ ነገር ክፍል ጋር የሚያዛምድ፣ መስተጻምር ደግሞ ቃልን ከቃል ወይም ሐሳብን ከሐሳብ የሚያጣምር እንደሆነ የቆዩት የሰዋስው መጻሕፍት ያስተምራሉ። ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» መጽሐፋቸው ግን መስተጻምርን ለብቻው የቆመ የቃል ክፍል አላደረጉትም፤ በመስተዋድድ ሥር አካተውታል። ይህ አመዳደብ ለእንግሊዝኛ መምህር ትልቅ ፍንጭ ይሰጣል፤ ምክንያቱም በአማርኛ አንዱ ማያያዣ በስም ላይም በግስ ላይም ያለ ችግር ይቀመጣል። «እንደ አባቱ» ሲባል ከስም ጋር የዋለው «እንደ»፣ «አባቱ እንደነገረው» ሲባል ከግስ ጋር ይውላል፤ «በስብሰባው ጊዜ» እና «በተሰበሰቡ ጊዜ» የሚሉት ሐረጎችም የተሠሩት በአንድ ዓይነት ማዕቀፍ ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ወጥ አይደለም። «አፍተር»፣ «ቢፎር» እና «አንቲል» እንደ አማርኛው ስምንም፣ ባለቤትና ግስ ያለውን ንዑስ ዓረፍተ ነገርም ያስከትላሉ፤ ሌሎቹ ግን ሥራውን ለሁለት ቃላት አከፋፍለውታል። «ዲዩሪንግ» የሚቀበለው ስምን ነው፤ ባለቤትና ግስ የሚከተል ከሆነ ቦታው የ«ዋይል» ይሆናል። «ቢኮዝ ኦፍ» ስምን፣ «ቢኮዝ» ንዑስ ዓረፍተ ነገርን፣ «ዲስፓይት» ስምን፣ «ኦልዞው» ንዑስ ዓረፍተ ነገርን ያስከትላሉ። ለ«በተሰበሰቡ ጊዜ» «ዲዩሪንግ» የሚለውን አምጥቶ ባለቤትና ግስ የሚያስከትል ተማሪ፣ አማርኛው በሚፈቅድለት መንገድ እየሄደ ነው። «ኦልዞው» ብሎ ጀምሮ በዓረፍተ ነገሩ እኩሌታ «በት» የሚጨምረውም «ዝናብ ቢዘንብም በረራው ግን አልዘገየም» የሚለውን የአማርኛ ልማድ ይዞ ነው፤ በአማርኛ «ግን» ንጽጽሩን ሲያጠነክር፣ በእንግሊዝኛ ግን አንዱ ማያያዣ ሥራውን ስለጨረሰ ሁለተኛው ትርፍ ይሆናል።

ስለዚህ የማያያዣ ቃላትን ከነትርጉማቸው በዝርዝር አስጽፎ ማስጠናት ውጤቱ ትንሽ ነው፤ እንደ «ቢኮዝ ኦፍ» እና «ቢኮዝ» ያሉ ጥንድ ቃላት ትርጉማቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት በሚያስከትሉት ነገር ስለሆነ፣ ተማሪው መልመድ ያለበት «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው ወይስ ባለቤትና ግስ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥሩ መልመጃ የሚሆነውም አንዱን ሐሳብ በሁለት መልክ ማስጻፍ ነው፤ «በረራው በዝናቡ ምክንያት ዘገየ» እና «ዝናብ ስለዘነበ በረራው ዘገየ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ እያፈራረቀ የጻፈ ተማሪ፣ ደንቡን በቃሉ ባያነበንበውም በሥራ ላይ ያውለዋል።

ከዚህ የረቀቀው ችግር ከአንድ ሥር የወጡ ስምና ግስ በተለያየ መንገድ ሲያያዙ የሚታየው ነው። በአማርኛ «ስለ ዕቅዱ ተወያዩ» ይባላል፤ «ስለ ዕቅዱ የተደረገ ውይይት»ም ይባላል፤ «ስለ» ከግሱም ከስሙም ጋር ይቆያል። በእንግሊዝኛ ግን «ዲስከሽን» የተባለው ስም «አባውት»ን ሲፈልግ፣ «ዲስከስ» የተባለው ግስ ተሳቢውን በቀጥታ ስለሚቀበል ማያያዣ አያሻውም። «ሪክዌስት» የሚለው ቃል ደግሞ ስምም ግስም ስለሚሆን ይበልጥ ያሳስታል፤ ስም ሲሆን «ፎር» ይከተለዋል፣ ግስ ሲሆን ግን አይከተለውም። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ከግሱ በኋላ የገባ «ፎር» መነሻው ይህ ሲሆን፣ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ ከማስመር ይልቅ ስሙንና ግሱን ጎን ለጎን አድርጎ ማሳየት ጸሐፊውን ለዘለቄታው ይጠቅመዋል።

የአማርኛ ውበት ጎልቶ የሚታይበት ቦዝ አንቀጽም ለእንግሊዝኛ ተማሪ ፈተና ይሆናል። ቦዝ አንቀጽ ዓረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ድርጊትን ከድርጊት የሚያስቀጥል የግስ መልክ ሲሆን፣ «ሻንጣውን አስረክቦ፣ ፍተሻውን አልፎ፣ ወደ መሳፈሪያው ሄደ» በሚለው ውስጥ «አስረክቦ» እና «አልፎ» እንደዚያ ናቸው። ባለቤቱን በራሱ ላይ ስለሚያመለክት «ስብሰባው አልቆ ሠራተኞቹ ወጡ» ሲባል ያለቀው ስብሰባው፣ የወጡት ሠራተኞቹ መሆናቸው አያሻማም። ለዚህ አቻ መስሎ የሚታየው በ«ሀቪንግ» የሚጀምረው የእንግሊዝኛ ሐረግ ግን የባለቤት ምልክት የለውም፤ የራሱ ባለቤት ካልተጻፈለት አንባቢ የዋናውን ግስ ባለቤት ስለሚሰጠው፣ ያለቁት ሠራተኞቹ ይመስላሉ። መምህሩ ባለቤቶቹ ሲለያዩ በ«አፍተር» ወይም በ«ዌን» የሚጀምር፣ የራሱ ባለቤት ያለው ንዑስ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ማስለመድ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን የሚመስለው የቋንቋ ስህተት ከውጤት መቀነስ ያለፈ ዋጋ የማያስከፍል እስከመሰለን ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፌ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ጭጋጉና የሬዲዮ ሞገድ መደራረብ ከምክንያቶቹ መካከል ሲሆኑ፣ ከሁለቱ አንዱ ከሆነው ከኔዘርላንዱ አውሮፕላን «አሁን አት ቴክ ኦፍ ነን» የሚል መልእክት መተላለፉም በሰፊው ተጠንቷል። «አት» የተባለ መስተዋድድና አንድ ስም፣ ግስ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ስለገቡ፣ መልእክቱ «እየተነሣን ነው» ተብሎም «በመነሻው ቦታ ላይ ነን» ተብሎም ሊሰማ ይችል ነበር፤ በውጥረት ጊዜ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሥርዓት ወደ እንግሊዝኛው ሳይገባ አልቀረም ያሉ የቋንቋ ተመራማሪም አሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዛሬ በዓለም አቀፍ በረራ ከሚሠሩ አብራሪዎችና ከበረራ ተቆጣጣሪዎች ከስድስት ደረጃዎች ቢያንስ አራተኛውን የእንግሊዝኛ ደረጃ ይጠይቃል፤ ከሚመዘኑት ስድስት ነጥቦች አንዱም የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለሙያዎቹን በሚያሠለጥንበት በቦሌ፣ የማያያዣ ትምህርት ቅንጦት አለመሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ይከለከላል፤ የክልከላው ዓላማ ልምምድን ማብዛት ቢሆንም፣ ተማሪው የሚሳሳትበትን ምክንያት ከመምህሩ ዓይን ይሰውራል። በቃል የተከለከለው አማርኛ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩን ማዋቀሩን አያቆምምና፣ መምህሩ የማይጠራው ሥርዓት ሳይታረም ይቀጥላል። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ሰሌዳ ላይ አቀራርቦ «አማርኛው እዚህ ላይ አንድ ያደርጋል፣ እንግሊዝኛው ይለያል» ብሎ የሚያሳይ መምህር ግን ተማሪው ያለውን እውቀት ሳያሳፍር በላዩ ላይ ሌላ ይገነባል። ለዚህም የእንግሊዝኛ መምህር በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ ሰዋስውም መሠልጠን አለበት፤ የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ይህን ከሙያው መሠረታዊ ክፍሎች እንደ አንዱ ሊቆጥሩት ይገባል።